የስኳር መጠቅለያዋ ወፍ

አዳማ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ኃይለየሱስ፤

ከናፍቆቴ ብዛት ሰላምታዬን ከየት እንደምጀምረው ጨንቆኛል። እንደምን ከረሙ? እትዬ እንዴት ናቸው? ሸዋወርቅስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ፋሲካን እናንተ ጋ ሆኜ እንደዋልኩ አድርጌ በልቤ ስፈስክ ዋልኩ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዘገዬም ደህና ነው፣ ሥራው ብቻ በዝቶበታል። ጽሕፈቴ ዛሬ ቢንጋደድብዎ አይፍረዱብኝ፤ የቀኝ እጄን ጣቶች በር ይዞብኝ እስካሁን በደንብ አይታጠፉልኝም።

ያለፈው ደብዳቤዬ በቀይ ቀለም ታርሞ ተመልሶ ደርሶኛል። ሌላው ሰው ለእህቱ መልስ ይጽፋል፣ የእኔ ወንድም እንደ ተማሪ ደብተር አርሞ ይመልስልኛል። ልሳቅ ወይስ ልናደድ ብዬ ተቸገርኩ። «ሠራተኛ»ን በእሳቱ ሰ በመጻፌ ከጎኑ ያሰፈሩትን ተግሣጽ ዘገዬ ጮክ ብሎ አንብቦልኝ ሁለታችንም ሳቅን። እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል ባልኩበት መስመር ላይም አንድ ፊደል አክብበው አልፈዋል። ፊደሉ አሁን ተስተካክሏል፣ እንቅልፉ ግን እንደዚያው ነው።

ለነገሩ ከእርስዎ በፊትም አንባቢ አለኝ። ዘገዬ የምጽፈውን ሁሉ ከመላኩ በፊት ያየዋል፤ የባቡር ጸሐፊ ሚስት ተሳስታ ሰው እንዳይስቅባት ብሎ ነው። ፖስታውንም የሚያሽገው እሱ ነው። ስለዚህ የእኔ ቃል እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው በሁለት የተማሩ ሰዎች እጅ አልፎ ነው ማለት ነው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ነገር ልምጣ። ለጋዜጣ ሊጽፉ እንዳሰቡ ነግረውኛል፤ በባቡር ከባሕር ማዶ ስለሚመጣው ባለሥዕል ጋዜጣ፣ ገጹ በአራት ማዕዘን እየተከፋፈለ በየክፍሉ በሥዕል ተረት ስለሚያወራው። ፊደል መቁጠር ገና የጀመረ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ከለመደ መጽሐፍ መግለጥ ይታክተዋል፣ ዐይኑ ጠግቦ ልቡ ባዶ ይቀራል ብለዋል። ዘገዬም የሚለው ይህንኑ ነው። ሥዕል ማየት የሴትና የሕፃን ነገር ነው ይላል። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ እኔ በመካከል ምን እላለሁ? ግን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለሽው አንቺ ነሽና የምታዪውን ጻፊልኝ ስላሉኝ የማየውን እጽፋለሁ።

የማየው ብዙ አይደለም። ዘገዬ ወደ ሥራው፣ ወደ ጣቢያው ዕቃ ቤት ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ ይቆልፈዋል። ጣቢያ አካባቢ መንገደኛው ይበዛል፣ ለእኔ ብሎ ነው። ውሃ የሚያመጣልን ባጫ አህያውን ደጅ አቁሞ ቢጠራኝ መክፈት ስለማልችል፣ ውሃውን በር ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል፤ ውሃው የሚገባው ዘገዬ ሲመጣ ነው። የአዳማን ሙቀት ያውቁታል። ባቡሩ ሲመጣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ጢሱ በግራሮቹ አናት ላይ ሲያልፍ አያለሁ፣ ባቡሩን ራሱን ግን ካየሁት ቆየሁ። የሰፈሩ ሴቶች ባሏ ምንኛ ቢሳሳላት ነው እያሉ ይቀኑብኛል አሉ።

ከዓለም ጋር የምገናኘው በቶይባ ነው። ቶይባ የባለሱቁ የሱሩር ሚስት ናት፤ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሱቃቸው ከጓሯችን ጋር ይዋሰናል፣ በመካከላችን የቅንጭብ አጥር አለ። ከሰዓት በኋላ እሷ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል መሬት ላይ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። ዘገዬም ያውቃል፣ አጥር ስላለ አልከለከለንም። ሱሩር ከጅቡቲ የሚመጣ አሮጌ የፈረንጅ ጋዜጣ በክብደት እየገዛ ስኳርና ጨው ይጠቀልልበታል። ቶይባ ባለሥዕሉን እየመረጠች በቅንጭቡ ሥር ታሾልክልኛለች። ጥጉ ላይ የስኳር ትራፊ ስለማይጠፋ ጉንዳኑም አብሮ ይገባል፣ እሱን ማንም አይቆልፍበትም።

አንድ ቀን የመጣልኝ ገጽ የአንድ ቦርጫም ፈረንጅና የአንዲት ወፍ ታሪክ ነበር። ጽሑፉ የፈረንሳይ ስለሆነ ለሁለታችንም ድፍን ነው፣ ያለን ሥዕሉ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ አነበብኩት። ወፏ ዛፍ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ መጥታ መስኮት ላይ ታርፋለች። ቦርጫሙ ዳቦ ያሳያታል። ዳቦውን ተከትላ ከሽቦ ወደ ተሠራ ቤት ትገባለች። በሩን ይዘጋባታል። መጨረሻ ላይ እሱ ሾርባውን እየጠጣ ይስቃል። ወፏ አሳዘነችኝና ወረቀቱን ለቶይባ መለስኩላት።

ቶይባ ስታነብ ማየት ነበረብዎ። ለቦርጫሙ ወፍራም ድምፅ፣ ለወፏ ቀጭን ድምፅ ታወጣለች፣ በሩ ሲከፈት እንኳ ሲጥ ብላ ታሰማዎታለች። ስትጨርስ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ወላሂ ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «ሲጠግብ ጊዜ ወፏን አሰባት። በሩን ከፈተላት፣ ስንቅ ሰጣት፣ በይ አገርሽ ግቢ አላት። ያውልሽ፣ ዛፏ ላይ ናት።»

ምን ነካሽ፣ ዘጋባት እንጂ መቼ ከፈተላት አልኳት። እሷም ከፈተላት እንጂ መቼ ዘጋባት አለችኝ። በአጥሩ መካከል ጣታችንን እያሾለክን ስንከራከር ቆየንና በኋላ ነገሩ ገባኝ። ቶይባ ሥዕሎቹን የተከተለችው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አባቷ ሼህ ናቸው፤ በልጅነቷ ቁርአን ያስቀሯት እሳቸው ስለሆኑ የማንኛውም ወረቀት መነሻ ለእሷ በቀኝ በኩል ነው። ወረቀቱ አንድ፣ ወፏም አንድ፣ ለእኔ ግን ታስራ ለእሷ ተፈትታ ቀረች። ለዘገዬ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መነሻውን የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ሥዕል ማየት ማንበብ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል አለ። ለጽሑፉ ይጠቅመዋልና ንገሪው ብሎኛል፣ ይኸው ነገርኩዎ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ገጽ በፊተኛው አኳኋን ማንበብ አቃተኝ። ዐይኔ በራሱ ከቀኝ ይጀምራል።

እንግዲህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ላሉኝ፣ ሁለቱንም አይቻለሁ። ቶይባ ፊደል አታውቅም ነበር። እኔ በሥዕሎቹ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ፤ አብዛኛው ቦርጫሙን የምሳደበው ነው። እሷም ምን ብዬ እንደሰደብኩት ለማወቅ ስትል ሀ ሁ ያዘች። አሁን ቃል እየነጠለች ታነባለች፣ ስድብም ትጨምርልኛለች። ሥዕሉ ባይኖር ኖሮ ፊደልን ዘወር ብላም አታየው።

ለእርስዎ ወገን የሚሆንም አለኝ፣ አልደብቅም። የአባታችን ዳዊት ከማኅደሩ ሳይወጣ ሰነበተ። ጣቢያው ላይ ያሉት ተሸካሚዎችም፣ ዘገዬ እንደነገረኝ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጋዜጣ አንጥፈው ይተኙበታል፣ ባለሥዕሉ ሲመጣ ግን ይጋፋሉ። ስለዚህ ይጎዳል ብለው ቢጽፉ አልቃወምዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩልኝ፣ ሥዕል ዝም ብሎ አይነበብም። ፊቱን ማየት አለ፣ እጁ ምን እንደያዘ ማየት አለ፣ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያልተሣለውን ማሰብ አለ። ፊደሉ ላይ ብቻ ዐይኑን የተከለ ሰው ይህን ሁሉ ይዘለዋል። እርስዎን ማለቴ አይደለም።

ይልቅ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ልጅ ሳለሁ ሲያስተምሩኝ የአባታችን ብራና ላይ ያለውን የጊዮርጊስን ሥዕል በመዳፍዎ ይሸፍኑብኝ ነበር፣ ገጹን ሳልጨርስ ሥዕሉን እንዳላይ። እጅዎን ሲያነሱ ግን ዛፉ ላይ ያለችውን ልጅ ያየኋት እኔ ነበርኩ። ዘንዶውን እየፈራች ቅጠል ውስጥ የተሸሸገችውን። ጋሼ፣ ይህች ማን ናት ብልዎ ደነገጡ፤ ያን ገጽ በቃልዎ ያውቁት ነበር፣ እሷን ግን አላዩዋትም። ያን ቀን ስቀው ራሴን ዳሰሱኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሌላው ወሬ የመዛወራችን ነው። ግንቦት ሳያልቅ ከአዋሽ ማዶ በረሃው መካከል ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ እንሄዳለን። ከእኛና ከጣቢያው ዘበኛ በቀር ሰው የለም አሉ። የቤቱ አጥር እንዴት ያለ ነው ብዬ ዘገዬን ብጠይቀው፣ «እዚያ አጥር ምን ያደርጋል? በረሃው ይበቃል» አለኝ። ቶይባ ይህን ስትሰማ አጥሩ ማዶ ሆና አለቀሰች። እኔም ፈርቻለሁ፣ ጋሼ። ዘገዬም ያውቀዋል፣ ፊት ለፊት ነግሬው ትለምጂዋለሽ ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም እንደ ልብ አይሆንም። ወንድም አለኝ እያልኩ የምጽናናው በደብዳቤ ነበርና ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ደስ የሚለው፣ ከመሄዳችን በፊት የግንቦት ልደታን ከሴቶቹ ጋር እንድውል ፈቅዶልኛል። ከጣቢያው ጀርባ ያለውን ዋርካ ያስታውሱት የለም? ሙሽራ ሆኜ እርስዎ በባቡር ያመጡኝ የልደታ ለት ነበርና ሴቶቹ ንፍሮ እንደጣዱ እልል ብለው የተቀበሉን እዚያ ነው። ነገሩ የሴቶች ስለሆነ ዘገዬ አብሮኝ አይመጣም። በሩን ከፍቶልኝ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ያንን ቀን እያሰብኩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ለሸዋወርቅ በአራት ክፍል ሥዕል ሣልኩላት። እጄ እንደ ፈረንጆቹ አይደለም፣ እንዳትስቅብኝ። ከግራ በኩል ባቡር አለ፤ በመስኮቱ አንዲት ሴት ትታያለች፣ ከጎኗ እጀታው የተሰበረ ጥላ የያዘ ሰው ተቀምጧል። ቀጥሎ ዋርካው፣ ከሥሩ ሴቶቹና የንፍሮው ድስት አለ። ቀጥሎ ሴትየዋ በተከፈተ በር ላይ ቆማለች። በመጨረሻው በሩ ተዘግቷል።

እዚህ ላይ ስደርስ ዘገዬ ለምሳ ገባና እስካሁን የጻፍኩትን አነበበ። የቶይባ ነገር ዛሬም አሳቀው። ወረቀቱን ገልብጦ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ጣቱን ከባቡሩ አስነስቶ በሥዕሎቹ ላይ እያስኬደ የተዘጋው በር ላይ አቆመው።

«ወደ ቤቴ የገባሽበት ቀን» አለኝ።

መምህሩንም በጥላው አወቅሁት ብሎ ሳቀ። ሰላም በይልኝ ብሎዎታል። ሰላምታሽን ጨርሺ፣ ማታ አንድ ጊዜ አይቼ አሽገዋለሁ ብሎኝ ወጣ። ቁልፉ ሲዞር ይሰማኛል።

እንግዲህ ልሰናበትዎ። ቤትዎ የልጅ ሳቅ አይጉደልበት። የሚያስተምሩት ሁሉ ፍሬ ያፍራልዎ። ለእትዬ ጤና ይስጥልኝ። የልደታዋ እመቤት መንገድ የወጣውን ሁሉ በሰላም አገሩ ታግባው።

ታናሽ እህትዎ
ዘርፉ

ይህን ሳልጽፍ ልረሳው ነበር። የዛሬውን ደብዳቤ በቀይ ቀለም አያርሙት። ሸዋወርቅን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ሥዕሉን እርስዎ ራስዎ ያንብቡላት። አደራ፣ እንደ መምህር አይደለም። እንደ ቶይባ ያንብቡላት።