ሞቷል ስለተባለው የልጄ ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ስብሐት፣ የሥልጠና ማዕከሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ
ጉለሌ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ስብሰባውም እንዳላደከመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዓለምፀሐይ እባላለሁ፤ ባለፈው ኅዳር ያረፈችው የሠልጣኛችሁ የቤዛዊት እናት ነኝ። የምጽፈው በዝግታ ነው፤ እርስዎም በዝግታ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ ለሰፈራችን ተማሪዎች ሒሳብ እያስረዳች ድምጿን የቀዳችው በኮምፒውተሯ ነው። ፎቶዋ በየዘመዱ ቤት አለ፤ ድምጿ ግን ሌላ የትም የለም። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል አምኜ ለእናንተ ሰጠሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎ ገና ሳይከፍተው በመስኮት በኩል «ሞቷል፣ እናቴ» ስላለኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በር አንኳኩተው ነው፤ የእናንተ አሠራር ጊዜ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ የሞተ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ልጄን በእጄ ገንዣለሁ። ያ ኮምፒውተር መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል።

ሁለተኛ፣ ውስጡን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ልታደርጉልኝ ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ። አዲስ አልጠየቅሁም።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ገበያ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ ዘኪያ፣ የተበላሸው የሚያስነሳው ፕሮግራም ብቻ ሊሆን እንደሚችል ነግራኝ፣ በፍላሽ ላይ ማስነሻ አዘጋጀችልኝ። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ከተነሳ፣ ውስጡ ያለው ሳይነካ ድምጾቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል አለች። ሥራው ኮምፒውተሩ እንደበራ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን መምረጥ ነው፤ እኔ እንኳ በእሷ ኮምፒውተር ሞክሬ በሦስተኛው ተሳካልኝ። ፍላሹን ይዤ ስመጣ ግን ባለሙያዎ የውጭ ፍላሽ ክልክል ነው፣ ቫይረስ ያስገባል አለኝ። ሞቷል ላላችሁት ኮምፒውተር ስለ በሽታ መጨነቃችሁ ርኅራኄያችሁን ያሳያል።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዘኪያ ጋር እመጣለሁ። ወይ በፊቴ በፍላሹ ታስነሱታላችሁ፣ ወይ እንዳለ ትመልሱልኛላችሁ፤ እስከዚያ አንድም ነገር እንዳይጠፋ። ተሞክሮ ባይነሳ አልቅሼ ቤቴ እገባለሁ። ሳይሞከር ግን አላለቅስም፣ ቤቴም አልገባም።

ለአራተኛ ጊዜ በርዎ ላይ ለመቆም ጉልበት የማያንሳት አክባሪዎ፣
ዓለምፀሐይ ዱጉማ፣ የቤዛዊት እናት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከቢሮዎ ተደውሎ፣ ኮምፒውተሩን ለመረከብ ባለቤት የሆነችው ሠልጣኝ በአካል ቀርባ ቅጽ መፈረም እንዳለባት ተነግሮኛል። ቤዛዊት የተቀበረችው እንጦጦ ማርያም ነው። ቅጹን ይዘው ከሄዱ በጠዋት ይነሱ፤ ዳገቱ ይከብዳል። እስክሪብቶም እርስዎ ይያዙላት።