የሞተረኞች ማኅበር ስለ “ዙሪያ ጥምጥም” ዕረፍትና ስለ ነገው አሸኛኘት

ለማኅበሩ አባላት፣ ለጋራዡ ሠራተኞችና ለደንበኞቻችን በሙሉ፤

መሥራች አባላችንን፣ ሁላችን “ዙሪያ ጥምጥም” እያልን የምንጠራቸውን ዕቃ አመላላሽ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ ሞት ነጥቆናል። ማኅበሩ በጣም አዝኗል።

በመጀመሪያ ወሬው ይታረም። ሞተር አልገደላቸውም። ዕቃውን ለባለቤቱ አስረክበው፣ ሞተራቸውን አቁመው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቀሩ። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። ወድቀው ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ሞተሩን መጥታችሁ እዩት፤ አንድ ጭረት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አባላት የምትጨቃጨቁበት ጉዳይ አለ። የሞተ አባል በሞተር ድምፅ ታጅቦ ይቀበራል፤ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ነው። የሟች ታላቅ እህት ደግሞ ነገ አንድም ሞተር እንዳይነሣ ብለዋል። የወሰንነውን ከታች ታገኙታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው ማን እንደነበሩ ይነገር።

ሟች ሞተር የጀመሩት ወደው አይደለም። ያኔ ጢማቸው ገና ማብቀሉ ነበር። እናትና አባት ስላልነበሩ ያሳደጓቸው እኚሁ እህታቸው፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ሥራው የሚጀምረው አውቶቡስ ሳይወጣ ነው። ያኔም የብዙዎቻችን መሥሪያ የነበረው ጋራዣችን፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደውን አሮጌ ሞተር ጠግኖ “በል እህትህን አድርስ” ቢላቸው፣ “ይቺን ብረት እኔ አልነካትም” አሉ። ፈሪ ነበሩ፤ ሐቁ ይሄ ነው። እህታቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቀድመው ኋላ ወንበሩ ላይ ወጡና “ና ውጣ፣ ሥራ ረፈደብኝ” አሉ። ወጡ። እግረኛ እየቀደማቸው ሄዱ። እህታቸው “በእግሬ ብሄድ እስካሁን ደርሼ ነበር!” እያሉ ሰፈሩን በሙሉ አሳቁባቸው።

አንድ ጠዋት እህታቸውን አድርሰው ሲመለሱ፣ ጋራዡ ጋ መታጠፍ ሲገባቸው ቀጥ ብለው አለፉ። በር ላይ ቆመን አይተናል። የመጡት ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው፤ ፊታቸው አቧራ ለብሶ፣ ጥርሳቸው ላይ ትንኝ ተለጥፎ። አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ነው የነዱት ማለት ነው።

“አንተ፣ የት ጠፋህ?” አልናቸው።

“መታጠፊያው አለፈኝ።”

“መታጠፊያ እግር የለውም፤ ያለፍከው አንተ ነህ!”

ከዚያ ቀን ወዲህ በቀጥታው መንገድ ተመልሰው አያውቁም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ፍቅር የሚባለው ያኔ ያዛቸው። እኛ መካኒኮች ነን፤ ከዚህ በላይ አናብራራም።

ድልድዩ በፈረሰበት ክረምት መኪና ማለፍ ሲያቅተው፣ ለማዶው ክሊኒክ መድኃኒት ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ሣጥኑን በጀርባቸው አዝለው። ዓመቱን አልያዝነውም፤ ክረምቱን ግን ማንም አይረሳውም።

ማኅበሩ ሲመሠረት “ሄልሜት የማያደርግ አባል አይሆንም” የሚለውን ደንብ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ብዙ ተሰደቡበት። ከተሳዳቢዎቹ መካከል በዚያው ደንብ ነፍሳችሁ የተረፈ አላችሁ፤ ስም አንጠራም።

አዲሱ አስፋልት ከተሠራ ወዲህ ጀማሪዎችን አሠልጥነዋል። “ሴት ጀማሪ አንቀበልም” ያለውን አባል “እኔን ሞተር ላይ ያወጣችኝ ሴት ናት” ብለው አፉን አስይዘውታል።

ወደ ውሳኔው እንምጣ። በማኅበራችን የአባል ሞተር በጭነት መኪና ተጭኖ ቤቱ አይገባም፤ በራሱ ጎማ ነው የሚገባው። በዚሁ መሠረት ዛሬ ጠዋት አንድ አባል የሟችን ሞተር እየነዳ ከእህታቸው ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ወሰደ። እህታቸው ሞቱን ሰምተዋል፤ አልቅሰዋል፤ ቤቱም በለቀስተኛ ሞልቷል። ድምፁን ሲሰሙ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ሰው ገፍተው ወጥተው፣ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። ሞተሩ እንዲገባም ወደ ጎን ቆሙ። አባሉ ሄልሜቱን እስኪያወልቅ ድረስ እዚያው ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ ለቅሶው ላይ ለተገኘው የማኅበሩ ሊቀ መንበር የተናገሩት ይህ ነው፦ “እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ በር ስከፍት ነው የኖርኩት። ነገ ያን ሁሉ ሞተር ካስነሣችሁብኝ ስንቴ በር ልክፈት?”

ሥርዓታችንን አንነቅፍም፤ ብዙ ሰው በክብር ሸኝተንበታል። እሳቸውን ግን ደጋግመን በር አናስከፍትም። ስለዚህ ነገ ሞተር ሁሉ ጋራዥ ይውላል። በእግር እንሄዳለን። እግሩን የሚያመው በታክሲ ይምጣ። “ሩቅ ላይ አቆምኩት እኮ” የሚል ሰበብ አንሰማም። የቀብሩ ሰዓት ጋራዡ በር ላይ ተለጥፏል።

ለእህታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ላሠለጠኗቸው ሁሉ፣ ሐዘናችሁ የእኛም ነው፤ ጽናቱን ይስጣችሁ። ከቀብር በኋላም በዚያ በር ሞተር አስነሥቶ የሚያልፍ አባል አይኖርም። አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ በእጁ እየገፋ ይለፍ፤ እህታቸው ራሳቸው “ይበቃል” እስኪሉ ድረስ። ካላሉም እየገፋን እንኖራለን።

ማኅበሩ