ራስጌው በየት በኩል ነው

ጥር 13

ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ ነኝ። የማታው የማንበብና የመጻፍ ትምህርት አለቀ። አስተማሪያችን "የለመዳችሁት እንዳይጠፋችሁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ጻፉ" አለችን። ሌሎቹ ይረሱታል። እኔ ገሠሠ አልረሳም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። እትዬ ዘውድነሽ ለፈተናው መነጽራቸውን ረስተው ባይመጡ ኖሮ... እሱን መጻፍ አያስፈልግም።

ዛሬ ምን ሆነ? ምንም። ሽንኩርት ጫንኩ። ሙቀቱ ገና በጥር እንዲህ ከሆነ በግንቦት ምን ሊውጠን ነው? ማታ ፈለቀች ስጽፍ አይታ "ምንድን ነው የምትሞነጭረው?" አለች። "ታሪክ" አልኳት። ሳቀች። ሚስቴ ከሳቀች ቆይታለች።

ጥር 16

ሥራ ቀየርኩ። ከአዲስ አበባ የጥንት ነገር የሚቆፍሩ ሰዎች መጥተዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆላው መንደሮች በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ክምር ሊከፍቱት ነው። የሮቢት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ የሚያልፍ አንድ ድንጋይ ሳይወረውርበት አያልፍም። መንገድ ይቀናል ይባላል። አባቴ ወርውሯል። እኔም። ልጄ ያብስራ ደግሞ ትንሽ ሆኖ፣ እንደ አባቱ ጉልበተኛ ነኝ ብሎ፣ የማይችለውን አንስቶ እግሩ ላይ ጥሎታል።

አለቃቸው ዶክተር ፀደንያ ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ዓይኗ ሰው ይመዝናል። "ጋሽ ገሠሠ፣ ቁፋሮ ይችላሉ?" አለችኝ።

"ዶክተር፣ እኔ ከቆፈርኩ ውሃ ይወጣል።"

"ውሃ አንፈልግም" አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አብሮኝ የተቀጠረው ቃሲም ቀኑን ሙሉ "ውሃው" እያለ ሲጠራኝ ዋለ። የቆላ ሰው ነው፣ ምላሱ እንደ ሚጥሚጣ። ወደድኩት።

ጥር 20

ይሄ ቁፋሮ አይደለም። ዶማ ከለከለችን። የሰጠችን ብሩሽ፣ ወንፊት፣ የግንበኛ ማንኪያ የመሰለች ብረት። ቦታውን በገመድ እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፍላዋለች። አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ፎቶ ይነሣል። እኔ በዕድሜዬ ያንን ያህል ፎቶ አልተነሣሁም።

ችግሩ መንገደኛው ነው። እኛ እናነሣለን፣ እነሱ ይጨምራሉ። ዛሬ አንዲት አሮጊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ አነጣጥረው ወረወሩ። ቃሲምን ሊያገኘው ትንሽ ቀረ።

"እማማ፣ እየቆፈርን ነው እኮ" አልኳቸው።

"እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። እኔም የራሴን እየሠራሁ ነው" ብለውኝ ሄዱ።

ዶክተር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሥሩ ምን ይኖር ይሆን? ሽማግሌዎቹ ወርቅ ነው ይላሉ። ቃሲም ጅን ነው ይላል። ዶክተር ደግሞ ሰው ነው ትላለች።

ጥር 27

ሰው ነው።

የካቲት 1

ያን ቀን ከአንድ መስመር በላይ እጄ አልሄደልኝም። ዛሬ ልሞክር...

ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ብርድ እንደያዘው ልጅ ተኝቷል። ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል። ከራስጌው ጥቁር ማሰሮ አለች፣ አንገቷ ብቻ ትንሽ የተሸረፈች። ክንዱ ላይ የመዳብ አምባር፣ አረንጓዴ ሆኗል። አንገቱ ላይ ቀይ ጨሌ። ክሩ በስብሶ አልቋል፤ ጨሌዎቹ ግን ያኔ ያሰረለት ሰው እንዳሰለፋቸው ተሰልፈው ቀርተዋል። እያንዳንዷን በብሩሽ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ከሁሉ እጅ የእርስዎ ይረጋል ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ይህንን ከዶክተር አፍ ነው የሰማሁት፣ እየኮራሁ አይደለም። ትንሽ እየኮራሁ ነው።

"ዘመኑ ስንት ይሆናል?" አልኳት።

"ገና ይመረመራል። ከሁለት ሺህ ዓመት የሚያንስ አይመስለኝም።"

ቃሲም "ገሤ፣ ካንተ ትንሽ ይበልጣል" አለ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ ዶክተር ጎንበስ ብላ ጥርሱን አየችና "ልጅ ነው፣ ሃያ አልሞላውም" አለች።

ብሩሼን አስቀመጥኩ። ቃሲም ዞሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ያብስራም ሃያ አልሞላውም ነበር።

ማንም ስለማያየው ልጻፈው። አጣዬ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ከተማዋ የተቃጠለች ጊዜ ሞተ። መንገዱ ዝግ ነው፣ ደርሶ ማንሣት የለ። የማላውቀው ሰው በልጄ ስልክ ደወለልኝ። "ልጅህን ቀብረነዋል። ከማሳችን ዳር ነው። መንገድ ሲከፈት ኑ" አለኝ። ድምፁ የሽማግሌ ነበር። እንዴት ቀበራችሁት አላልኩትም። በዚያ ሰሞን ሰው እንዴት እንደሚቀበር እየሰማን ነበር... በዶማ ጭሮ፣ አፈር መልሶ፣ መሮጥ።

መንገዱ ከተከፈተ ስንት ጊዜው። ፈለቀች ሄዳ አፈሩ ላይ አልቅሳ መጣች። አፅሙን አምጥተን በደብራችን እናሳርፈው ትለኛለች። እኔ ቀልድ እፈጥራለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

የካቲት 5

ከክምሩ ዳር ሌላ ሰው ወጣ።

ይሄኛው ሥሩ ምንም አልተነጠፈለትም። በግንባሩ ተደፍቷል። አንድ እጁ ከሆዱ ሥር ተጠምዟል፣ እግሮቹ ተዘበራርቀዋል። ጨሌ የለም። ማሰሮ የለም።

ዶክተር ለሁላችን አስረዳች። "ያኛው ተቀብሯል። ሰዎች ቆመው፣ አስበው፣ እጅ እግሩን አስተካክለው ነው ያስተኙት። ይሄኛው ተጥሏል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ አናውቅም። አጥንት ግን እንደጣሉት ይቀራል።"

"ሁልጊዜ ይለያል?" አልኳት።

"አብዛኛውን ጊዜ። አንዴ ካዩት በኋላ እርስዎም ይለዩታል።"

እንግዲህ አየሁት።

የካቲት 6

አልሄድኩም። አመመኝ ብዬ ላክሁ። ምንም አላመመኝም።

የካቲት 9

ተመለስኩ። ቃሲም ውሃው መጣ አላለም። ከጎኔ ተቀምጦ ወንፊቱን ሲነፋ ቆየና "ምን ሆነሃል?" አለኝ።

ነገርኩት። አፈር እያየሁ ነገርኩት። ከፍቼ እንደዚያኛው ተደፍቶ ባገኘውስ? እስካሁን አላውቅም ነበር። አሁን ዓይኔ ተምሯል፤ እንዳላየሁ መሆን አልችልም። ለፈለቀችስ ምን እላታለሁ?

 ቃሲም ወንፊቱ ውስጥ የቀረውን ጠጠር ደፋ። ከዚያ "መቼ ነው የምንሄደው?" አለ።

"የት?"

"አጣዬ ነዋ። ብቻህን ልትቆፍር ነው? አንተ እኮ ከቆፈርክ ውሃ ነው የሚወጣው።"

ሳቅሁ መሰለኝ። ፊቴ ረጥቦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የተጣለውን ሰው አነሣን። ዶክተር ይሄኛው ምንም ስለሌለው ቶሎ ቶሎ በሉ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ለጨሌው ልጅ ያወጣነውን ያህል ጥጥና ወረቀት አወጣንለት።

የካቲት 15

ለፈለቀች "እናምጣው" አልኳት።

ቡና ቤት ሄጄ የመጣሁ መስሏት አሸተተችኝ።

"እየቀለድክ ከሆነ ገሠሠ..."

"አልቀልድም።"

ተቀመጠች። ከዚያ "እኔም ያኔ ስሄድ የባለማሳውን ሚስት አግኝቻት ነበር" አለች። "ሙሀባ ትባላለች። እጄን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። እንዴት ነው ያደረጋችሁት ልበላት? የማይሆን ነገር ብትነግረኝስ?"

ለካ ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የፈራነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ለየብቻ።

የካቲት 24

የክምሩ ቁፋሮ ተጠናቀቀ። ጉድጓዱን መልሰን ሞላነው። ልጁ ከነጨሌው፣ የተጣለውም፣ በሳጥን ሆነው አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ አላውቅም። ዶክተር ስትሰናበተኝ ብሩሿን ሰጠችኝ። ለምን እንደምፈልገው ቃሲም ነግሯታል።

የቀበሌው ፈቃድ ወጣ። ከደብሩ ቄስ ንጉሤ አብረውን ይሄዳሉ። ፈለቀች አዲስ ነጠላ ገዛች።

መጋቢት 6

ልጻፈው። በደንብ ልጻፈው።

በጠዋት በሚኒባስ ሄድን። እኔ፣ ፈለቀች፣ ቄስ ንጉሤ፣ ቃሲም። እኛ ሁዳዴ፣ ቃሲም ረመዳን። ሾፌሩ ውሃ ሲገዛ የፈለገ ሰው ጠፋ።

ወይዘሮ ሙሀባ ከበራቸው ወጥተው ተቀበሉን። ማሳው ዳር፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር። አፈሩ በእሾህ ታጥሯል፣ ከብት እንዳይረግጠው። ፈለቀች መቅረብ አቃታት፤ ከሴትየዋ ጋር ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ቄስ ንጉሤ ጸሎት አደረሱና "ከራስጌው ጀምር" አሉኝ። ራስጌ በምዕራብ ነው። ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን። ይህንን ማን ክርስቲያን የማያውቅ አለ? በምዕራብ በኩል ገባሁ። ቀስ ብዬ፣ እንደተማርኩት። ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረው አገኘሁ። አነሣናቸው። ከሥራቸው አፈር ያልገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። በብሩሹ ጠረግሁ።

እግር ነው።

ጭንቅላቱ ሊሆን በሚገባው ቦታ የእግር ጣቶች።

እጄ ቆመ። ተገልብጧል አልኩ በልቤ። ጥለውታል። እንደመጣላቸው ወርውረውታል። ቀና ብዬ ፈለቀችን አየሁ፤ እሷም ፊቴን አየች፤ ብድግ አለች። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ከጉድጓዱ ልወጣ ጉልበቴን ሳነሣ ቃሲም ትከሻዬን ያዘኝ።

"ገሤ፣ ቁም። አልተጣለም።"

"እግሩ እኮ ነው..."

"እኛ እንዲህ ነው የምንቀብረው። ራስጌው በምሥራቅ ነው። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው። ሂድና እይ። ከተሳሳትኩ ስደበኝ።"

በምሥራቅ በኩል ዞርኩ። ቀስ ብዬ ጠረግሁ።

በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። እግሮቹ ገጥመዋል፣ እጆቹ ተስተካክለዋል። ከጀርባው እንዳይገለበጥ አፈር ተደግፎለታል። ፊቱ ወደ ሰሜን። ቡኒ የሆነ ጨርቅ ከላዩ ላይ፣ ተደራርቦ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። አንገቱ ላይ ማተቡ ከነመስቀሉ። የእንጨት መስቀሉን ለጥምቀት የገዛሁለት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ ሙሀባ ቀርበው ነበር። "ክርስቲያን መሆኑን ማተቡን አይተን አውቀናል" አሉ። "አልበጠስንበትም። ግን ቄስ ከየት እናምጣ? የእናንተን ጸሎት አናውቅ። የምናውቀውን አደረግንለት። ባለቤቴ ሼህ እንድሪስ አጠበው። ሱቁ ሁሉ እሳት ነው፣ ጨርቅ የለም። ለራሱ መገነዣ ያስቀመጠው ከፈን ነበረው፣ ሐጅ የሄደ ዘመዱ በዘምዘም ውሃ አጥቦ ያመጣለት። ሣጥኑን ከፍቶ አወጣው። ‘ያንተ እኮ ነው’ አልኩት። ‘እኔ ቀን አለኝ፣ ይሄ ልጅ ቀን የለውም’ አለኝ።"

"እሳቸውስ?" አልኩ።

"አምና ሄደ። በገበያ አቡጀዲ ቀበርነው። አላህ ይዘንለት።"

  ጎንበስ ብዬ የሴትየዋን እጅ ሳምኩ፣ አፈር በሆነው አፌ።

ፈለቀች ከኋላዬ "ንገረኝ" አለች። "ምን አየህ?"

"ነይ" አልኳት። "ራስሽ እዪው። ምንም አያስፈራም።"

መጋቢት 8

ዛሬ በደብራችን አሳረፍነው። ወይዘሮ ሙሀባ እየጾሙ ከዚያ ድረስ መጥተው ከፈለቀች ጎን ተቀመጡ። ሼህ እንድሪስ የተቀበሩበትን ቦታ አሳይተውኛል፤ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። እሾህ አጥራለሁ። ቃሲም አብሬ እመጣለሁ ብሏል።

ቄስ ንጉሤ አፅሙን በአዲሱ ነጠላ ስጠቀልል አዩኝና "አሮጌውን ጨርቅ መጀመሪያ ለይው" አሉ።

"አባቴ፣ እሱስ አብሮት ይሁን" አልኳቸው።

አዩኝ። ፈለቀችን አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አንሥተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ራስጌውን ወደ ምዕራብ አደረግነው፣ እንደ ሥርዓታችን። ነጠላውን ከላይ ደረብኩለት። የሽማግሌውን ከፈን ግን አላወለቅሁበትም።