ስክሪኑ ሞጣ ደርሶ በሰላም ስለመመለሱ

ይድረስ ለተከበሩ የንብረት ክፍል ኃላፊ ለአቶ ስጦታው
ቢቸና

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ፣ ደጅዎ በመመላለስ እግሬ ከመጠንከሩ በቀር ደህና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያዜሙ መሥሪያ ቤትዎ ለቅርስነት ብሎ ድምፃቸውን ቀድቶ ነበር። አባቴ አምና ጥር ላይ አረፉ። ከድምፃቸው የቀረን ያ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው አልነሳ ባለው የቢሮዎ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለሙት ዓመታቸው ላሰማው ብጠይቅዎ ስለደከሙልኝ ሁሉ፣ በዝርዝር ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

1. የሞጣው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይግዛው ነገሩን በስልክ ሰምቶ፣ ድምፁ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ሳጥን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ብሎን መፍታት የመንግሥት ንብረት መበተን መሆኑን በትዕግሥት አስረድተው ከጥፋት አድነውኛል።

2. ጉዳዩን ለመረመረው ባለ ሦስት አባላት ኮሚቴም ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ቃለ ጉባኤው ስድስት ሳምንት የዘገየው፣ ቅጹ እዚያው የማይነሳው ኮምፒውተር ውስጥ ስለነበረ መሆኑን እረዳለሁ።

3. በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ሞጣ ሄዶ እንዲጠገን የመውጫ ፈቃድ ጻፉልኝ። የንብረት ቁጥሩ የተለጠፈው ስክሪኑ ላይ ስለሆነ፣ ዘበኛው ቁጥር ያለውን አስወጥተው ቁጥር የሌለውን ሳጥን ከጠረጴዛው ሥር አስቀሩት። ሳጥኑስ ብዬ ብጠይቅ ፈቃዱ ላይ የለም ተባልኩ። ስክሪኑም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ መኪና የጉንደ ወይንን አቧራ እየጠጣ ሞጣ ገባ። ይግዛው አገላብጦ አየውና «ስክሪኑ ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ጽፎ መለሰው። እርስዎም ወረቀቱን ተቀብለው፣ ኮምፒውተሩ ተጠግኗል ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ሳጥኑ ዛሬም እዚያው ነው። በመስኮት አየዋለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ይርጋነሽ መጥረጊያዋን ታስደግፍበታለች። አባቴን እዚያ ውስጥ ትቼ ወደ ቤቴ መሄድ ይከብደኛል፤ ይህን እንኳ ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው። ለሙት ዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ የሚያስፈልገውም አራት ብሎን መፍታት ነው።

ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር አምላክ እንዲያጸናልዎ፣ ከእሱም ለሰው የሚሆን ጥቂት እንዲያስተርፍልዎ እየተመኘሁ፣ አክብሮቴን በሁለት እጄ አቀርባለሁ።

የንብረት ቁጥር የሌለኝ አገልጋይዎ
ባንቺዓለም አካለ ወልድ

ማስታወሻ፦ የሙት ዓመቱን ጥሪ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የአባቴ ድምፅ መምጣት ካልቻለ እርስዎ ይምጡልን። ዘበኛው ከበር እንዳይመልሱዎ ቁጥር ጽፌ ልኬልዎታለሁ፤ ግንባርዎ ላይ ይለጥፉት።