በብረት ለተንበረከኩት ክቡር ሚኒስትር

ይድረስ ለቀድሞው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሚኒስትር፣ ዛሬ በአንድ መቃብር ደጃፍ በብረት ተሠርተው ለተንበረከኩት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ዝገቱ እንዳልበረታብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ማህደር እባላለሁ፤ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ፣ ከልጄ ከሰኒ ጋር እኖራለሁ። ፎቶግራፍዎን ያየሁት ባለፈው ኅዳር ዙሪክ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ነው። ከሥሩ እንደተጻፈው፣ ጉቦ በልተው ንጹሕ ሰው አስገድለዋል፤ ሕዝቡም ለዘመናት በዚያ ባለፈ ቁጥር ይተፋብዎታል። ልጄ እጄን ብትጎትተኝም ከፊትዎ መነሣት አቃተኝ።

ፈቃድዎ ከሆነ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. አንድ ቦታ ስለሚገኙ አመሰግናለሁ። አያቴ ፊታውራሪ ሀብተሥላሴ በንጉሡ ዘመን የአንድ አውራጃ ገዥ ነበሩ። በረሀቡ ዓመት ለተራበው የመጣውን እህል ሸጡ፤ ከዚያም በአልጋቸው ላይ፣ በካህናት ጸሎት ታጅበው ዐረፉ። ብረት አልተሠራላቸውም። ስለዚህ ሰው የት እንደሚተፋ አያውቅም።

፪. በአገራችን ልማድ ልጅ በአባቷ ትጠራለች፤ አያት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቅድመ አያትን የሚያነሣ የለም። ይህ ምሕረት ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ግን መዝገብ ቤቱ የቤተሰብ ስም ፈለገና የአያቴን ስም መታወቂያዬ ላይ አጸናው። ያለ ባል የወለድኳት ልጄም ወረሰችው። የልጅ ልጆቿም ይወርሱት ይሆናል። የመዝገብ ቤቱን ትጋት አደንቃለሁ፤ እኛ ዘመዶቻቸው እንኳ አያቴን ይህን ያህል አላከበርናቸውም።

፫. ለፋሲካ ጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ነበር። እዚያው ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር በአንድ ዲፕሎማት ቤት የሚሠሩት ወይዘሮ ሐረገወይን ሰኒን አቅፈው እያጫወቱ፣ እንደ ወጉ፣ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሏት። ትምህርት ቤት እንዳስለመዷት ሙሉ ስሟን ተናገረች። «የየትኛው ሀብተሥላሴ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አውራጃውን ነገርኳቸው። «እናቴን እዚያ ነው የቀበርኳት» አሉና ልጄን ቀስ አድርገው መሬት አቆሟት፤ ነጠላዋንም አስተካከሉላት።

ቢተፉ ይሻለኝ ነበር።

ሰኒ እስከ ዛሬ፣ «ማሚ፣ እሷ ለምን አወረደችኝ?» ትለኛለች።

፬. ከዘርዎ የተወለዱ ሕፃናት በዚያ ሲያልፉ ምን ያደርጋሉ? ከሰው ጋር ይተፋሉ? ዞረው ይሄዳሉ? እጃቸውን የያዘችው እናትስ ምን ትላቸዋለች? ይህን ኤግዚቢሽኑ አልጻፈውም።

ለብረትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለትዕግሥትዎም አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣

መንበርከኪያ ቦታ ያላገኘችው አክባሪዎ፣
ማህደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጄን ስም ለማስቀየር አመልክቻለሁ። ከባድ ምክንያት አቅርቢ ስለተባልኩ «ረሀብ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ በታላቅ ትሕትና፣ ልጅቷ ተርባ ታውቃለች ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አታውቅም፤ እህሉን የበላነው እኛ ነን።