በቢጫው አምፖል ሥር

ወንድሜ፣

ጉርጉር የሚለው የዓሣዎቹ ፓምፕ ነው፤ ዝም ካላለ አትንካው።

ጨዋማውን ውሃ ስትለካ ብልቃጧን አስቀድመህ በዚያው በገንዳው ውሃ አለቅልቃት። የአሞኒያ መለኪያውን ጠብታ ብልቃጧ ውስጥ ጨምረህ አምስት ደቂቃ ጠብቅና ቀለሙን መስኮት ጋ እይ። ቢጫ ደህና ነው፤ አረንጓዴ መርዝ ነው።

እኔ ሁልጊዜ በቢጫው አምፖል ሥር ነበር የማየው። እዚያ ሁሉም ቢጫ ነው።

ትልቋ ዓሣ ስትሞት "ምግብ አብዝተህ አንተ ነህ የጨረስካት" አልኩህ። "እሺ ጌታዬ፣ እጄን ሰጥቻለሁ" ብለህ ሳቅክ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ገንዳው ዝር ብለህ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት መስኮት ጋ ለካሁት።
አረንጓዴ ነው።

ሩቡን ውሃ ቀይሬያለሁ፤ ነገም ድገመው። የበጠበጥኩት የጨው ውሃ ባልዲው ውስጥ አለ።

ሁለቱ ትንንሾች በሕይወት አሉ። አንተው መግባቸው።

የቤት ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ።