የክርስትና ስምህ

ለልጄ ለተስፉ፣ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ እዚህ ሲኤምሲ ክረምቱ ወጥቷል።

እሁድ የአባትህን ሙት ዓመት አሰብን። የነፍስ አባታችን ለፍትሐቱ የሟቾችን የክርስትና ስም ሲጠይቁ፣ አክስትህ ኣርያም፣ ወሬህ ከጠፋ ስለቆየ፣ ከአባትህ አስከትላ ያንተን ጠራች። «የእሱ ስም በሕይወት ካሉት ጋር ነው የሚነሳው» አልኳት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ፍልስፍና ስትማር «ነፍስ ያለ ሥጋ አትኖርም» እያልክ ታናድደኝ ነበር። ንስሐ ግባ ብዬ ስንቴ አኩርፌሃለሁ። አሁን ግን ረትተኸኛል። ነፍስህ በየክፍሉ አብራኝ ትዞራለች፤ አንተ እንዳልከው ከሆነ ሥጋህም ደህና ነው።

የሚያደርስልኝ ሰው እስካገኝ ደብዳቤውን የፍልስፍና መጽሐፍህ ውስጥ አኖረዋለሁ። መድኃኔዓለም መንገድህን ያቅናልህ። መጥተህ ሳቅብኝ።

እናትህ ለተብርሃን